ለቀለበት መንገድ ጠላቂዎች የቀረበ ምስጋና

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ብትቀመጥም፣ ለመስጠም ያላት ዝግጁነት የሚያስቀና ነው። ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ላቫጆ በር ላይ ይቁም። ታጥቦ፣ ጎማው ተወልውሎ የሚወጣው ዳብል ጋቢና ሂሉክስ ቀኝ ፓራፋንጎው ላይ የወጣ ጥቁር ቱቦ በመስታወቱ ጥግ ሽቅብ እስከ ጣራው ተሰቅሎለታል። ስኖርክል ነው፤ ሞተሩ አየሩን ከኮፈኑ ስር ሳይሆን ከጣራ ጋ እንዲስብ የሚያደርግ ቱቦ። ባለቤቱ ከአያት ቦሌ፣ ከቦሌ አያት ሲመላለስ ድንገት አባይ መንገድ ቢዘጋበት አይበገርም። እሰይ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉ ምቀኞች መቼም አይጠፉም።

ምቀኞቹ መጀመሪያ የሚያነሡት የፋብሪካውን ቁጥር ነው። የቅርብ ጊዜው ሂሉክስ ያለ ምንም ቱቦ 70 ሳንቲሜትር፣ ፎርድ ሬንጀር ደግሞ 80 ሳንቲሜትር ውሃ መሻገር ይችላል። 70 ሳንቲሜትር የአዋቂ ሰው ጭን ጋ ይደርሳል። ቀለበት መንገድ ላይ ያን ያህል ውሃ በተኛ ቀን ደግሞ ከፊት ያለው ሚኒባስ ጠፍቶ መንገዱን ስለሚዘጋው፣ ስኖርክሉ ንጹሕ አየር የሚስበው ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ በዚያ ቡናማ ውሃ ስር ተደብቆ ቢጠብቅም ቱቦው አይጠቁምም። የማንንም ምስጢር አያወጣም፤ ጨዋ ዕቃ ነው።

«እኛ እኮ እስከ ጣራ ነው የተዘጋጀነው» ለሚሉት ክብራችን እጥፍ ነው። የስኖርክሉ አፍ ከመሬት 1.8 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የሾፌሩ አፍንጫ ከዚያ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይወርዳል። እንግዲህ ሞተሩ የሚሞተው ከባለቤቱ በኋላ ነው ማለት ነው። ለንብረቱ እንዲህ የሚሳሳ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን ውሃው የራሱ ሥራ አለው። የፕራዶ ወለል 8 ካሬ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ውሃ ወለሉን ካለፈ በኋላ በሮቹ እስኪያፈሱ ድረስ እያንዳንዱ 10 ሳንቲሜትር ወደ 800 ኪሎ ክብደት ያነሣል። ከ2 ቶን ትንሽ የሚያልፈው መኪና 30 ሳንቲሜትር ሳይሞላ ጎማው መሬት ይለቃል። መሪ አይሰማም፣ ፍሬን አይሠራም፣ ሞተሩ ግን በሰላም ይተነፍሳል።

ለነገሩ ቱቦው የሚከላከለው አደጋ የፈጠራ አይደለም። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። የላንድክሩዘሩን 1ኤችዜድ ሞተር እንውሰድ፦ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ መታመቂያው 22 ለ1 ገደማ፤ ማለትም የሳበውን አየር ወደ 22ኛ እጁ አጥብቦ ያምቀዋል። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ በላዩ የሚቀረው ቦታ 32 ሲሲ አካባቢ ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ከዚያ ያለፈ ውሃ ከገባ ፒስቶኑ ቀጥ ይላል፣ ክራንኩ መዞሩን አይተውም፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ዘንግ፣ መሃል ቤት ያለው ቢዬላ፣ ይጎብጣል። ውሃ ውስጥ የጠፋን ሞተር «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ብለው በሞተሪኖ የሚቀሰቅሱ ደግሞ የጋራዥ ባለሙያዎች ባለውለታ ናቸው። ቢዬላውን የሚያተርፈው መንገድ መኪናውን አስጎትቶ፣ ኖዝሎቹን ወይም የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስፈትቶ፣ ሞተሩ እየዞረ ውሃውን እንዲተፋ ማድረግ ነው። ግን እሱ ምን ይታያል?

ከመታየት አንጻር የስኖርክል አገጣጠማችን ሊጠና ይገባዋል። በወጉ ሲሠራ የቀዳዳውን ቦታ የሚያሳይ የወረቀት ልክ ፓራፋንጎው ላይ ይለጠፋል፣ ቀዳዳው በትራፓኖ ላይ በሚታሰር ክብ መጋዝ ይበሳል፤ ስፋቱ እንደ ዕቃው 8 ወይም 9 ሳንቲሜትር ይሆናል። የተቆረጠው ጠርዝ በሞረድ ይለሰልስና ፀረ ዝገት ይቀባል። ውስጥ ያለው ላስቲክ ከአየር ማጣሪያው ሳጥን ጋር በፋሼታ ተጠብቆ ይታሰራል፣ የቀድሞው የአየር መግቢያ ይደፈናል፣ የሳጥኑ ክዳን ማሸጊያ ጎማ መኖሩ ይታያል። ከሳጥኑ ስር ውሃና አቧራ የሚያራግፍ ትንሽ የጎማ ከንፈር አለ፤ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ጣራ ላይ የተገዛው አየር በሙሉ ከንቱ ነው፣ ሞተሩ ጎርፉን የሚጠጣው ከታች ነው። ጨርሶ የሚደፍኑትም አሉ፤ እነሱ ደግሞ በስኖርክሉ አፍ የገባው ዝናብ መውጫ አጥቶ ማጣሪያውን ያረጥብላቸዋል።

ይህን ሁሉ ጣጣ በጥበብ ያለፉት ግን ፓራፋንጎውን ጨርሶ ያልበሱት ናቸው። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር፣ ትንሽ ሲሊኮን፣ አለቀ! ቱቦው ከምንም ጋር አይገናኝም። በምጸት አይደለም፤ ከሁሉም ብልጡ ይኼ ነው፤ ቢያንስ ላሜራው አይዝግም። የእናንተው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ አስነሥታችሁ የስኖርክሉን አፍ በጠንካራ ጣውላ ግጥም አድርጋችሁ ዝጉት። የታሸገ ከሆነ ሞተሩ በጥቂት ሴኮንድ ታንቆ ይጠፋል። ምንም ሳይመስለው ማንጎራጎሩን ከቀጠለ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ጌጥ ገዝታችኋል።

የዲፈረንሻሉ፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው የጥርስ ሳጥን፣ ነገር ሲነሣ ደግሞ ዝምታ ይሰፍናል። ዲፈረንሻልም ካምቢዮም መተንፈሻ አላቸው። በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም ባረጀው ኦይል ሲል በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ማኪያቶ ይሆናል፤ ኩሽኔታና ጥርስ የሚበላው ያ ማኪያቶ ነው። መድኃኒቱ መተንፈሻዎቹን በቀጭን የዘይት ላስቲክ ወደ ኮፈኑ ስር ከፍ ማድረግ፣ ከውሃ ከወጡ በኋላም የዲፈረንሻሉን ቡሽ ፈታ አድርጎ ዘይቱን ማየት ነው። ዋጋው ከስኖርክሉ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን መኪና ስር ተንጋሎ የላስቲክ ቱቦ የሚያደንቅ መንገደኛ የለም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ወደሚታይበት ቢሄድ አይፈረድም። እዚያው ውሃ ውስጥ ስለሚነከሩት ስለ ዲናሞውና ስለ ኮምፒውተሩ ቦክስማ ማን ያነሣል።

«ስኖርክል ለሞተር ጉልበት ይጨምራል» የሚሉም አሉ። ይጨምራል እንጂ! በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በቱቦው አፍ ላይ የሚፈጠረው የነፋስ ግፊት ከአዲስ አበባ የአየር ግፊት ሲተያይ ከሺህ ሁለት እንኳ አይሞላም። መገናኛ ላይ በጭንቅንቅ ስንቆም ያችም ትቀራለች።

አንድ የሚያስቀይመን ቡድን አለ፦ ስኖርክሉን ለሥራ የሚጠቀምበት። ወደ ኤርታ አሌ ቱሪስት የሚያመላልሱት፣ ኦሞራቴ የሚወርዱት፣ መኪናቸው ነጭ ይሁን ቡኒ መለየት ያቃታቸው። የፊት ጎማ የሚያነሣው አቧራ ከታች ይበዛል፣ ጣራ ጋ ይሳሳል፤ በዚያ መንገድ ማጣሪያ ቶሎ እንዳይደፈን የሚያደርገው ይኼ ከፍታ ነው። አንዳንዶቹ አፉን አንሥተው አቧራውን አሽከርክሮ የሚጥል የጣሳ ማጣሪያ ይተካሉ። ከፊታቸው ካለው መኪናም አቧራው እስኪጠራ ይርቃሉ፤ የፊቱ መኪና ደመና ከጣራ በላይ ስለሚሄድ ቱቦው ብቻውን አያድንም። ውሃ ሲገጥማቸው ደግሞ ወርደው በእግራቸውና በዱላ ይለኩታል፣ በከባድ ማርሽ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሻገራሉ፣ መሃል ላይ ማርሽ አይቀይሩም። ምንም ድምቀት የለውም። ጋምቤላ ዋልካ ውስጥ ሲሰምጡም ከስኖርክሉ ይልቅ አካፋ ይፈልጋሉ፤ ለዕቃው ክብር የላቸውም።

ለከተማ ጠላቂዎቻችን አንድ ምክር ይቀረናል። ርካሹ ፕላስቲክ በከፍታችን ፀሐይ ነጥቶ መሰንጠቁ ስለማይቀር መሸጫው ጊዜ ሩቅ አይደለም። ነቅላችሁ ለሌላ መኪና ብታዘዋውሩት ፓራፋንጎው ላይ ቀዳዳው ይቀራል፣ ቀጥቃጭና ቀለም ቀቢ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ እንዳለ ይሸጥ። ማስታወቂያው ላይም ሳትረሱ ጻፉት፦ «ፉል ኦፕሽን፣ ባለ ስኖርክል፣ ከተማ ብቻ የተነዳ፣ ውሃ ያልነካው።»