ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማን አለ?

ባለፈው እሑድ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራስ ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ተባለ፣ ገንፎው ቀረበ፣ ቡናው ተፈላ፣ ከዚያ ወሬው ወደ ጡት ዞረና እዚያው ቀረ።

የጀመሩት የባልየው አክስት ናቸው። ሕፃኑ ሌሊት ሌሊት ያለቅሳል፣ ወተቷ አልበቃውም ማለት ነው፣ ጡጦ ይጀመርለት አሉ። በእሳቸው ጊዜ ልጅ ገና እንደተወለደ ቅቤ ይልስ ነበር፣ ምንም የሆነ የለም። ሴትዮዋ ክፋት የለባቸውም፣ የልጁ ለቅሶ አስጨንቋቸው ነው።

ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ አብረውን ነበሩ፣ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"ስድስት ወር እስኪሞላው ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት በስተቀር ከእናቱ ጡት ሌላ ውሃም አይቀምስም። ስንት ዓመት ስናስተምር ኖርን! የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻው የጎረቤት ምክር ነው። አንዷ መጥታ እንገሩን አልበሽ ድፊው ትላለች፣ ሌላዋ ስኳር በውሃ ትላለች። ስለ ጡት ማጥባት መምከር ያለበት የጤና ባለሙያ ብቻ ነው።"

አራሷ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ከአራተኛ ፎቅ የመጣችው ጎረቤቷ ይሄን ስትሰማ ዝም ማለት አልቻለችም።

"ሲስተር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔን ያወጣችኝ ጎረቤት ናት። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ካዛንቺስ ነበርን። አንድ ግቢ የምንኖር፣ ከእኔ አምስት ወር ቀድማ የወለደች ልጅ ነበረች። ልጄ ስታለቅስ ከሰማች ሌሊትም ቢሆን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትመጣለች። ብዙ አታወራም። አጠገቤ ቁጭ ትልና የልጄን አፍ ታያለች። 'ጫፉን ብቻ ነው የያዘችው፣ አስለቅቂያትና እንደገና ስጫት' ትለኛለች። አስር ጊዜ ቢሆን አስር ጊዜ። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ እሷ ገላን ጉራ ሄደች፣ እኔ እዚህ ተከራየሁ። ሁለተኛውን ስወልድ ሌሊት የሚመጣ ሰው አልነበረኝም። በሦስተኛው ሳምንት የዱቄት ወተት ገዛሁ።"

ሲስተር አልተረቱም። "እሷ ልባም ሆና ነው። ሌላዋስ? ጡቷ መግል ይዞ በትኩሳት እየነደደች፣ ጎረቤት 'ሙቅ ጨርቅ አድርጊበት ይተውሻል' እያለች ያሰነበተቻት እናት መጥታብኛለች። ጠግቦ ሳይሆን ደክሞ የሚተኛውን ሕፃን 'ሲያስደስት፣ አያስቸግርም' ሲሉ የከረሙም አሉ። ሲመዘን ከተወለደበት ኪሎ ወርዷል።"

"እሺ፣ እኔ ክሊኒክ ስሄድ ስንት ደቂቃ ያዩኛል?"

ሲስተር ትንሽ ዝም አሉ። "እውነት ነው፣ ወረፋው አያስቀምጥም። እኔም ከአንዲት እናት ጋር ልጇ ጠብቶ እስኪጨርስ ቁጭ ብዬ አላውቅም።"

ይሄን ሁሉ ስንባባል ሕፃኑ ነቅቶ አራሷ ጡት ሰጥታዋለች። እኔ እግሯ ሥር ነበርኩ። ልጁ ሲጎርስ ከጋቢው የወጡት የእግር ጣቶቿ ተኮማተሩ። ፊቷ ላይ ግን ፈገግታ ነበር፣ እንግዳ አለባታ። ለጎረቤቷ በዓይኔ አሳየኋት። ተነስታ እጇን ታጥባ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ስታጠቢ ያምሻል እንዴ?"

አራሷ ማልቀስ ጀመረች። ከመጣን ጀምሮ ይሄን የጠየቃት አልነበረም።

ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ እንድታስለቅቀው አሳየቻት። "አፍንጫው ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ ይሁን። አፉን እንደሚያዛጋ ሰው እስኪከፍት ጠብቂው። አሁን! እሱን ወዳንቺ አምጪው፣ አንቺ አትጎንበሺ።" የመጀመሪያው አልሆነም። ሁለተኛውም። በሦስተኛው አገጩ ጡቷ ላይ ተለጠፈ፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ ሲውጥ ድምፁ ተሰማ። የእግር ጣቶቿ ተፈቱ።

ሲስተር ከሶፋው ሆነው ጠየቁ። "በቀን ስንት ዳይፐር ያርሳል?"

"ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት።"

"ታዲያ ወተቱ መች አነሰ! በዚህ ቀኑ ስድስት ካራሰ ደግ ነው።" አክስትየዋ የጡጦውን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሱትም።

እኔ ከጎረቤቷ ጋር ነኝ። አዲስ እናት የጎደላት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አጠገቧ ቁጭ የሚል ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ባለፈው ዓመት በዚያው ያለፈች እናት ብትሆን ይሻላል። ይሄ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ለማዋለጃ ቦታዎች ካወጧቸው አስር እርምጃዎች አስረኛው፣ እናት ስትወጣ ወደ እናቶች የድጋፍ ቡድን ላኳት የሚል ነበር። እኔ ስወልድ በማግስቱ ወጣሁ፣ የተሰጠኝ የክትባት ካርድ ነበር። በአራተኛው ቀን ጡቴ አጋቶ እንደ ድንጋይ ሲሆን ለማን እንደምደውል አላውቅም ነበር።

የሲስተር ፍርሃት ግን ልክ ነው፣ በቅን ልብ ብቻ አይሆንም። አራሷን የምትረዳው እናት መሠልጠን አለባት፣ የት ላይ ማቆም እንዳለባትም ማወቅ አለባት። ጡት ቀልቶ ትኩሳት ካለ፣ ሕፃኑ ዳይፐር ማርጠብ ከቀነሰ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ለመጥባት እንኳ አልነቃ ካለ፣ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ነው። መድኃኒት አታዝም። ደግሞ ያቃታትንና የዱቄት ወተት የጀመረችውን እናት አትወቅስም፣ ያቺ ጎረቤት ያን ስትናገር ድምጿ እንዴት እንደወረደ ሰምቻለሁ።

ይህቺ ረዳት እናት በነፃ ታገልግል ቢባልም አልወደውም። ቢያንስ የታክሲና የሞባይል ካርድ ይሸፈንላት። ሥራውም አርባ ቀን ላይ አያልቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 የሥራ ቀን ነው፣ ስድስት ወር አይሞላም። ቢሮ ውስጥ የት ገብቶ እንደሚታለብ፣ ለአለቃ ምን ብሎ እንደሚነገር፣ የታለበው ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የምትነግርሽ ዓምና ወደ ሥራ የተመለሰችዋ ናት።

ስንወጣ ጎረቤቷ ስልክ ቁጥሯን ለአራሷ ሰጠቻት። "ሌሊት ደውይልኝ፣ አንድ ፎቅ ነው የምወርደው።" ሁለት ሳምንት ሲሞላው ወደ ተወለደበት ኪሎ መመለሱን ለማየት ሲመዘን አብሬያት እሄዳለሁ። ሲስተርም እመጣለሁ ብለዋል።