ቦኖ መቁጠር አይበቃም፤ ቤት የገባውን ሊትር እንቁጠር

በምዕራብ አላስካ፣ የዩኮንና የኩስኮክዊም ወንዞች ወደ ቤሪንግ ባሕር በሚገቡበት ረግረግ፣ 50 ያህል መንደሮች ተበታትነው ይገኛሉ። አብዛኛው ነዋሪ የዩፒክ ተወላጅ ነው። መንደሮቹን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ ወንዙ ሲቀልጥ በጀልባ፣ ሲረጋ በበረዶ ሞተር፣ ሕመም ሲጸና ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ቤቴል ከተማ ይኬዳል። ቧንቧ ያልገባላቸው ቤተሰቦች 19 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ከመንደሩ የጋራ ማጠቢያ ቤት ውሃ ይቀዳሉ። መጸዳጃቸውም ባልዲ ነው። አንድ ሳፋ ውሃ የቤተሰቡን ሁሉ እጅ ሲያስታጥብ ሊውል ይችላል።

ውሃና ጤና አብረው ሲነሱ ቶሎ ትዝ የሚለን ተቅማጥ ነው። በአላስካ ግን ተመራማሪዎቹ የሳንባ ምችንም ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ቧንቧ የገባላቸው ቤቶች ጥቂት የሆኑባቸውን አካባቢዎች ብዙ ከሆኑባቸው ጋር አነጻጸረ። በሳንባ ምችና በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው መጠን ቧንቧ በጎደለባቸው አካባቢዎች 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አር.ኤስ.ቪ. በተባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ሆስፒታል የሚተኙት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ 3.4 እጥፍ ነበሩ። እነዚህ በሽታዎች የተበከለ ውሃ በመጠጣት አይመጡም። ውሃ ሲያጥር እጅ፣ ፊትና ልብስ አይታጠብም፤ ያኔ ጀርሙ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል።

እንዲህ ያለው ንጽጽር ድክመት አለው። ቧንቧ የሌለው መንደር ድህነቱም ሊበዛ፣ ቤቱም ሊጠብብ ይችላል፤ የበሽታው ምክንያት የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ቀጣዩ ጥናት አራት መንደሮችን ቧንቧ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ተከታተለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። አንድ ሰው በቀን የሚጠቀመው ውሃ በአማካይ ከ5.7 ሊትር ወደ 97 ሊትር ከፍ አለ። የመጀመሪያው መጠን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በእኛ ጀሪካን ሲሰላ ይታያል፤ 20 ሊትሩ ለሦስት ሰው ተዳርሶ ይተርፋል። ከቧንቧው በኋላ በመተንፈሻ አካል ሕመም ወደ ክሊኒክ መምጣት በ16 በመቶ፣ በቆዳ ሕመም በ20 በመቶ፣ በአንጀት ሕመም በ38 በመቶ ቀነሰ። በፊትና በኋላ የማነጻጸር ጥናትም የራሱ ወጥመድ አለው። በመካከሉ አዲስ ክትባት ከተጀመረ የክትባቱ ውጤት ለቧንቧው ሊቆጠር ይችላልና፣ በዚያ ዘመን የገባው ሁሉ በጥንቃቄ መመዝገብ አለበት።

ታዲያ ለምን በየቤቱ አይገባም? መሬቱ ከሥር ዓመቱን ሙሉ የረጋ በረዶ ነው። በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ይሰምጣል፤ የተቀበረው ቧንቧም ይሰበራል። ስለዚህ በብዙ መንደሮች ቧንቧው በወፍራም ፎም ተጠቅልሎ ከመሬት በላይ ይዘረጋል፤ ውሃውም እየሞቀ ያለማቋረጥ እንዲዞር ይደረጋል። በከባድ ብርድ ፓምፑ ከቆመና ቶሎ ካልተነሳ መስመሩ በሙሉ ሊረጋ ይችላል። ለማሞቂያው ነዳጅ፣ ለፓምፑ ደግሞ ሌሊትም የሚነሳ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ወጪው ከባድ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም የጋራ ማጠቢያ ቤት ሠርቶ «መንደሩ ውሃ አግኝቷል» ብሎ መዝገብ መዝጋት ስህተት ነው እንላለን፤ ከዚያ የሚቀዳው በሰው ጉልበት የተሸከሙትን ያህል ብቻ ነው።

ይህ ስህተት የአላስካ ብቻ አይደለም። ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ፣ የተጠበቀ የውሃ ምንጭ ያለው ቤተሰብ በዓለም አቀፉ መለኪያ «መሠረታዊ አገልግሎት» አግኝቷል ይባላል፤ ስንት ሊትር ቤት እንደገባ አይጠየቅም። ትራኮማ በጸናበት የአማራ ክልል፣ በዋግ ኽምራ፣ በ40 የገጠር አካባቢዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። በግማሾቹ የውሃ ነጥብ ተሠራ፤ የንጽህና ትምህርትም ለሦስት ዓመት ተሰጠ። በልጆች ዐይን ላይ የሚገኘው፣ ትራኮማን የሚያመጣው የክላሚዲያ ኢንፌክሽን ግን ከሌሎቹ አካባቢዎች ያነሰ አልሆነም። ምክንያቱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የውሃ ነጥብ መሠራቱ ልጆች ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ በየቤቱ በበቂ መጠን ገባ ማለት አይደለም።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። «በቀን ስንት ትጠቀማላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን አያዋጣም፤ ሰው በግምት ይመልሳል። በእያንዳንዱ ቤት የሚገባውን ባልዲ ወይም ጀሪካን ለሰባት ተከታታይ ቀን መቁጠር፣ የዕቃውን ትክክለኛ መጠን በመለኪያ ማረጋገጥ (20 ሊትር የተባለው ሁሉ እስከ አፉ አይሞላም)፣ በእነዚያ ቀናት በየሌሊቱ ቤት ባደረው ሰው ድምር ማካፈል ነው። ለከብት የቀረበው ለብቻ ይመዝገብ። የአንድ ሳፋ ውሃ ስንት ሰው እንደታጠበበትም ይጻፍ፤ በሊትር ድምር ውስጥ የማይታየው ትልቁ ችግር እሱ ነውና። ቆጠራው በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ በአላስካ ወንዙ ረግቶ ሳለና ከቀለጠ በኋላ፣ በእኛ ደግሞ በበጋና በክረምት። ቧንቧ የገባለት ቤተሰብም የወር ክፍያው ሲከብደው ቆጥቦ መጠቀም ወይም ወደ ባልዲው መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ከተመረቀ ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚያው ቤቶች እንደገና ይለኩ፤ ውጤቱም መጀመሪያ ለነዋሪው፣ በራሱ ቋንቋ ይነገር።