«እዚህ» ማለት የት ነው?

ፕሮግራም ጸሐፊ ከኮምፒውተሩ ጋር ከሚገጥማቸው ክርክሮች ሁሉ አታካቹ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» በሚለው መልስ የሚጀመረው ነው። ፋይሉማ አለ፤ ከኮዱ ጎን፣ በዚያው ፎልደር ውስጥ ተጎልቷል። ሰውየው የስሙን ፊደላት አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ፎልደሩን ዘግቶ ይከፍታል፣ ምስክር እንዲሆነው ከጎኑ የተቀመጠውን ባልደረባ ይጠራል፤ ሁለት ሰው ቆሞ «አለ» እያለ ማሽኑ «የለም» እንዳለ ይጸናል።

ከሁለቱ ወገን የዋሸ የለም፤ ያልተስማሙት «እዚህ» በምትባለው ቃል ላይ ነው። አንጻራዊ አድራሻ (ከ«እዚህ» ተነሥቶ የሚቆጠር የፋይል መንገድ) የጻፈ ሰው ፕሮግራሙ ኮዱ ካለበት ፎልደር ተነሥቶ የሚፈልግለት ይመስለዋል፤ ፕሮግራሙ ግን ፍለጋውን የሚጀምረው ከተጠራበት ፎልደር ነው። ቀን ቀን በጌታው ፊት ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ሲጠራ ጨዋ ሆኖ የሚውለው ይኸው ፕሮግራም፣ ሌሊት ፕሮግራሞችን በቀጠሮ ሰዓት የሚያስነሣው ክሮን ሲቀሰቅሰው በተጠቃሚው የቤት ፎልደር ይነቃል፤ አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ የሥርዓቱ አገልግሎት አድርጎ ካስነሣውም፣ የሥራ ፎልደሩ ካልተነገረው በቀር፣ የፎልደሮች ሁሉ ሥር በሆነው ላይ ቆሞ ያንኑ አድራሻ ይፈልጋል።

ማንበቡስ ደግ ነው፤ ሲያጣ ይጮኻል። መጻፍ የታዘዘ እንደሆነ ግን በቆመበት ስፍራ አዲስ ፋይል ፈጥሮ፣ የታዘዘውን ጽፎበት በሰላም ይወጣል፤ ባለቤቱም አሮጌውን ፋይል ደጋግሞ እየከፈተ «ለምን አልተለወጠም?» ሲል ያድራል።

መፍትሔው ፕሮግራሙ የራሱን መገኛ ጠይቆ ከዚያ እንዲነሣ ማድረግ ነበር፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.4 እትሙ ፓዝሊብ የተባለውን መሣሪያ ጨምሮ ነገሩን የአንድ መስመር ሥራ አድርጎታል። ኩሩው ወገኔ ግን (ራሴን ነፃ አላወጣም) ይህን ከማንበብ ይልቅ ሙሉ አድራሻውን ከዲስኩ ፊደል ጀምሮ፣ በገዛ ስሙ በኩል አሳልፎ፣ «አዲስ ፎልደር 2» እስከሚባለው ድረስ ይጽፋል፤ በዚያ ስም የሚጠራ ተጠቃሚ በሌለበት በባልደረባው ኮምፒውተር አልሠራ ሲል ደግሞ «የእኔ ላይ ይሠራል» ብሎ ይቆጣል።

ሌላው ግምተኛ ነው። «አንድ ወደ ላይ» የምትለውን ጥንድ ነጥብ ይጨምራል፤ አልሆነለትም፤ ሌላ ጥንድ ይጨምራል። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና የሥሩ ፎልደር ወላጅ ራሱ ሥሩ ስለሆነ፣ እዚያ ከደረሰ በኋላ ሃያ ጥንድ ቢደረድርም ቅንጣት ከፍ አይልም፤ ማሽኑም «አሁንስ በቃህ» አይለውም። ሃያ አንደኛውን ጥንድ ሲጨምርም በትዕግሥት ተቀብሎ፣ እዚያው ሥር ላይ አቁሞት፣ እንዲህ ያለ ፋይል እንደሌለ ይነግረዋል።