ክዳኑን ሳያነሱ

እዚህ አሜሪካ እንጀራ አከፋፋይ ነኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ከጋጋሪዎቹ እረከባለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሲ እና አሌክሳንድሪያ ያሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሳይከፈቱ አደርሳለሁ። ኑሮዬ ያለው አንድ መኪና ላይ ነው። የ2001 ፎርድ ኢ-350 ቫን፣ ባለ 5.4 ሊትር ትራይተን ሞተር፣ 8 ሲሊንደር። 243 ሺህ ማይል ሄዷል።

ባለፈው ወር ገና ሳይነጋ፣ 395 አውራ ጎዳና ላይ ወደ አሌክሳንድሪያ ስወርድ፣ ከቀኝ ጉልበቴ አጠገብ "ጧ!" አለ። ጎማ የፈነዳ መስሎኝ መሪውን ጨመደድኩት። መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ሞተሩ እንደ ወፍጮ ቤት "ጠፍ ጠፍ ጠፍ" ማለት ጀመረ። ቤንዚን ሸተተኝ። ዳር ይዤ አጠፋሁት። ከኋላዬ 700 እንጀራ አለ፣ ገና ትኩስ ነው፣ ላስቲኩን አልቦታል። ቁርስ የሚያቀርቡት ቤቶች ስልኬን ያጨናንቁታል። አንድ ወዳጄ ከእንቅልፉ ተነስቶ በቤተሰብ መኪናው ሁለቴ ተመላልሶ አዳረሰልኝ። እግዜር ይስጠው።

ቫኑን አስጎትቼ ሜሪላንድ ውስጥ ቤቴ አጠገብ ያለ ጋራዥ አስገባሁት። መጎተቻ 240 ዶላር። ጋራዡ ወለሉ ምግብ የሚበላበት ነው። ቡና አለ፣ ሶፋ አለ። ምርመራ ብቻ 160 ዶላር አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰው) ከሞተሩ ተተፍቷል፣ የሚታሰርበት ጥርስ ሄዷል፣ ሞተር ይቀየር፣ ከነጉልበቱ 7,800 ዶላር። "መኪናው ይህን ያህል አያወጣም፣ ብትጥለው ይሻላል" አለኝ የደወለው ሰውዬ።

"ከፍታችሁ አያችሁት?" አልኩት።

"መክፈት አያስፈልግም፣ ድምፁ ይታወቃል፣ የዚህ ሞተር በሽታ ነው።"

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ገንዘቡን አይደለም የምለው። ክዳኑን ሳያነሱ ፈረዱበት። 160 ዶላር ከፍዬ የገዛሁት "ጣለው" የሚል ቃል ነው።

የእኛን ሚኒባስ የምታውቁ ይህን ልብ በሉልኝ። ዶልፊን ሞተሩ ያለው ጋቢና ወንበር ስር ነው። መሃል የተቀመጠ ሰው እስኪወርድ መቀመጫው ይግላል። ውሃ ሲያንስ ሹፌሩ "አንዴ ተነሱልኝ" ይላል፣ ወንበሩን ገልበጥ፣ ሞተሩ ቁልጭ። ይሄ ፎርድም እንደዚያው ነው። የሞተሩ ግማሽ ጋቢና ውስጥ ገብቶ፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። ማያያዣዎቹን ፈትቶ ክዳኑን ወደ ኋላ መሳብ ነው። የአስር ደቂቃ ሥራ! እኔ ራሴ ማታ በስልኬ መብራት አነሳሁት።

ያየሁትን ልንገራችሁ። በቀኝ በኩል ሦስተኛው ሲሊንደር። ካንዴላው ከላዩ ያለውን ኮይል (ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ገንጥሎ፣ ከነኮይሉ ጎን ላይ ተጋድሟል። አንስቼ በጣቴ ዳበስኩት። ጥርሱ መሃል የአሉሚኒየም ክር ተጠምጥሞበታል፣ ልክ ከልብስ ስፌት እንደተረፈ ክር። ጉድጓዱ ልስልስ ብሏል።

ይህ በሽታ በርግጥ የታወቀ ነው። በነዚያ ዓመታት በወጡት የ5.4 ሞተር ቴስታታዎች (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ላይ ካንዴላው የሚጨብጠው አራት ዙር ያህል ጥርስ ብቻ ነው። ቴስታታው ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ካንዴላው ትንሽ ከላላ፣ ወይ ሲቀየር በልኩ ካልጠበቀ፣ የሲሊንደሩ ግፊት ጥርሱን እየበላ ቆይቶ አንድ ቀን ይተፋዋል። ፎርድ በኋላ ባወጣቸው ላይ ጥርሱን አበዛው። የእኔ ከበፊተኞቹ ነው። ስለዚህ ሰውየው በሽታውን አልሳተም። መድኃኒቱን ነው የካደኝ። የሚሠራ ነገር መሆኑን ያውቃል፣ አልነገረኝም።

የሠራልኝ ቄራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገ ልጅ ነው። እዚህ ቀን ሌላ ቦታ ይሠራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የወገን መኪና ያያል። መጣ፣ አጎንብሶ አየ፣ "ጋሼ፣ ይሄማ ይሠራል" አለ። ያቺን "ይሠራል" ስሰማ የተሰማኝን መናገር አልችልም። ለዚሁ ሞተር የሚሸጥ ዕቃ አለ። አዲስ ጥርስ የሚያወጣ ማውጫ፣ ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው የብረት ቡሽ። ልጁ ማውጫውን ግሪስ ቀባው። ሁለት ዙር ያስገባል፣ ያወጣል፣ ግሪሱ ላይ የተለጠፈውን የአሉሚኒየም ብናኝ በጨርቅ ይጠርጋል፣ እንደገና ይቀባል። አንዲት ፍርፋሪ ሲሊንደር ውስጥ ብትቀር ፒስተኑን ልትፍቀው ትችላለች። በመጨረሻ በቀጭን ቱቦ አየር ነፋበት፣ ቡሹን በማጣበቂያ አሰረው። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ካንዴላና ኮይል ጨምሮ 380 ዶላር። ከቡና በቀር ሌላ አልወስድም ብሎ ጉርሻውን መለሰልኝ።

አሁን አገራችንን ላሞግስ አይደለም የመጣሁት። አጎቴ መገናኛ ካዛንቺስ የሚሠራ ሚኒባስ ነበረው። የቴስታታ ጋስኬቱ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ሦስቱንም ጊዜ "ኦሪጅናል ነው" ተብሎ ከሶማሌ ተራ የተገዛ። ሞተሩ ተፈትቶ መሬት ላይ ከተዘረገፈ በኋላ ዋጋው ይጨምራል፣ ምን ታደርጋለህ? እዚህ ሜሪላንድ በጽሑፍ ከተሰጠህ ግምት ከአስር በመቶ በላይ ያለፈቃድህ ሊያስከፍሉህ ሕጉ አይፈቅድም። የወለቀውን አሮጌ ዕቃ መልሱልኝ ማለትም ትችላለህ። ይሄ አስቀንቶኛል። አጎቴ እኮ ዕቃ እንዳይለወጥበት ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ቆሞ ነበር የሚውለው። እዚህ ልቁምና ልይ ብትል "ኢንሹራንስ አይፈቅድም" ብለው ወደ ሶፋው ይመልሱሃል።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። አገር ቤት ሁሉም ነገር የሚሠራው ዕቃው ውድ፣ ጉልበቱ ርካሽ ስለሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ሲያስወድድ፣ ያለችውን ጠጋግኖ መያዝ የግድ ሆነ። ያንን ሁሉ ሞተር የሚያጥቡት፣ ከመኪና ስር የሚተኙት ልጆች ግን ለምሳ የማትበቃ ሳንቲም ነው የሚሰጣቸው። ቫኔን የሠራልኝም ልጅ ብልሃቱን የተማረው እንደዚያ ሆኖ ነው። እዚህ የሰው ሰዓት ይከበራል፣ ያ ጋራዥ በሰዓት 160 ያስከፍላል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ከመልፋት ሙሉ ሞተር አዝዞ መግጠም ለነሱ ይቀላል፣ ዋስትናም ይሰጡበታል። ይገባኛል። ግን ክዳኑን አንሱት! አይታችሁ "እኛ ይህን አንሠራም፣ የሚሠራ ፈልግ" በሉኝ። እንጀራዬን የሚሸከም መኪና ነው።

አሮጌ ቫን ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ፎርድ ከሆነ የፊት እግሩን ቦል ጆይንት (ጎማው የሚዞርበትን መገጣጠሚያ) እዩ፣ እኔ 900 ዶላር ከፍያለሁ፣ ጎማው ከውስጥ በኩል ብቻ ካለቀ ተጠራጠሩ። ነዳጅ ፓምፑ ታንከሩ ውስጥ ነው፣ ሲበላሽ ታንከር ይወርዳል፣ 750 አስከፍሎኛል። በብርድ ሲነሳ "ቲክ ቲክ" የሚልና ሲሞቅ የሚተው ድምፅ ከሰማችሁ የማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ቱቦ) ቡሎን ተሰብሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ፍሬናችሁን ደግሞ ራሳችሁ አስፈትሹ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ይመረምራል። ሜሪላንድ መኪናው ሲሸጥ ካልሆነ የደህንነት ምርመራ አይጠይቅም። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ብረት ይዘን፣ ማንም ሳያየን፣ ዓመታት እንነዳለን። አገር ቤት ቦሎ አለ፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ አንድ ሰው ያየዋል።

የእኔው "ቲክ ቲክ" ከጀመረ አንድ ሳምንት ሆነው። በግራ በኩል፣ የመጨረሻው ቡሎን። ልጁን ደወልኩለት። "ጋሼ፣ አትንኩት፣ ቅዳሜ እመጣለሁ" ብሎኛል።