የሻንጣችንን ታግ ለምን እኛ እናትማለን?

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። በማግስቱ እናቴን ይዤ ከባልቲሞር ወደብ በመርከብ ወደ ባሃማስ ልንሄድ ነው። ሻንጣዎቹ በሩ ጋ ቆመዋል። ፓስፖርቱ አለ። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት በእጅ ቦርሳዋ ገብቷል። ነጠላዋም ታጥፎ ተቀምጧል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ የሻንጣው ታግ፣ ሻንጣው ላይ የምትታሰረው የስም ወረቀት።

የመርከብ ኩባንያው በኢሜይል የላከው ፋይል ትእዛዙ ግልጽ ነው። በከለር አትሙት። መስመሩን ተከትላችሁ እጠፉት። በሻንጣው እጀታ አዙራችሁ በስቴፕለር ምቱት። እኔ ቤት ደግሞ ፕሪንተር ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ስቴፕለርማ ጭራሽ የለኝም። እዚያው ሕንጻ ላይ የምትኖር፣ ቤቷ ሆና የታክስ ሥራ የምትሠራ ጓደኛዬን በዚያ ሰዓት አስነሳኋት። የፕሪንተሯ ከለር አልቆ ነበርና ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ወጣ። በሰፊ ፕላስተር ጠቅልለን ሻንጣው ላይ አሰርነው።

እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ሁሉንም ስታይ ቆየች። «ይሄን ሁሉ ገንዘብ ተቀብለውሽ ወረቀቷንም አንቺ ነሽ የምታትሚላቸው?» አለችኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። አሁን ሳስበው እናቴ ልክ ነበረች።

ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ ሄዶ ለማያውቅ አሠራሩን ላስረዳ። ወደቡ ጋ ከመኪና ስትወርዱ ትልልቆቹን ሻንጣዎች ይዛችሁ መርከቡ ውስጥ አትገቡም። ለወደቡ ሻንጣ ተሸካሚዎች ታስረክባላችሁ። እነሱ ጋሪ ላይ ይጭኑታል። በኤክስሬይ ያልፋል። ከዚያ መርከቡ ውስጥ በየፎቁ ይለያል። ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ክፍላችሁ በር ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። በዚህ ሁሉ መንገድ ሻንጣውን የምትመራው ያቺ ወረቀት ናት። ስማችሁ፣ የመርከቡ ስም፣ የመነሻው ቀንና የክፍላችሁ ቁጥር ተጽፎባታል። ፎቁን በከለር የሚለዩ ኩባንያዎችም አሉ። በከለር አትሙ የሚሉት ለዚህ ነው።

ሥራው ደግሞ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረውን አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለ መርከብ እንውሰድ። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ ሲሰላ 5,610 መንገደኛ ይይዛል። ጢም ብሎ ሲሞላ 7,600 ይደርሳል። ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ ብቻ ብንቆጥር እንኳ፣ ጠዋት ይህን ያህል ሻንጣ ይወርዳል፤ በዚያው ቀን ከሰዓት ይህን ያህል ይጫናል። በዚያ መሃል ታጉ የተቀደደ ሻንጣ ባለቤት የለውም። አንድ ጥግ ይቀመጥና ፈላጊ እስኪመጣ ይጠብቃል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሥራ የተንጠለጠለባት ወረቀት በየሰዉ ቤት፣ ባገኘው ፕሪንተር፣ ባገኘው ወረቀት ትታተም ተብሏል።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ቲኬቱ ጉዞው ሳይደርስ በፖስታ ይመጣ ነበር። እንደ ትንሽ ደብተር የተጠረዘ ነው። ታጎቹም ጠንከር ባለ ወረቀት ታትመው አብረው ይመጣሉ። የመንገደኛው ሥራ ማሰር ብቻ ነበር። በኋላ ቲኬቱ በኢሜይል መምጣት ሲጀምር ታጉም ተከትሎት ሄደ። ቲኬቱን ስልክ ላይ ማሳየት ይቻላል። ታግ ግን ስልክ ላይ ሆኖ ሻንጣ አይመራም። ወረቀት መሆን ግድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ አልቀረም፤ የቀረው ኩባንያው የሚያወጣው ወጪ ነው። ዛሬም አንዳንድ ውድ መርከቦች ታጉን እስከ ቤት ይልካሉ። ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ደረሰኝ አለመኖሩ ነው።

በቦሌ ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሠራተኛዋ ታጉን አትማ ሻንጣው ላይ ታስራለች። ቁራጩን ደግሞ ቦርዲንግ ፓሳችን ላይ ትለጥፍልናለች። ዋሺንግተን ዱለስ ኤርፖርት ደርሰን ሻንጣው ባይመጣ ያንን ቁራጭ ይዘን ነው ቢሮ የምንሄደው። ሐሳቡ የአውሮፕላን ዘመን ሐሳብም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1882 ጆን ማይክል ላየንስ የተባለ፣ በካናዳ የሞንክተን ከተማ ሰው፣ ለሁለት የሚለያይ የሻንጣ ቲኬት የፈጠራ መብት አውጥቷል። ላይኛው ግማሽ ሻንጣው ላይ ይታሰራል። ታችኛው መንገደኛው እጅ ይቀራል። ቁጥር አለው። «ዕቃህ እኛ ጋ ነው፣ ማስረጃህ ይኸው» ማለት ነው። ከ140 ዓመት በላይ ተጓዥና አጓጓዥ የተማመኑበት ነገር ነው።

እኔ ቤት ያተምኩት ታግ ሁለተኛ ግማሽ የለውም። ባልቲሞር ላይ ሁለት ሻንጣ አስረከብኩ። እጄ ላይ ምንም አልቀረም። የእኔ ሻንጣ ከሰዓት መጣ። የእማዬ ግን እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አልመጣም። ልብሷን ሳትቀይር እራት በላች። እሷ «ምንም አይደል» ትላለች፤ ፊቷ ግን ሌላ ይናገራል። ልጠይቅ ወርጄ ብዙ ሰው ተሰልፎ አገኘሁ። «ምን ዓይነት ሻንጣ ነው?» አሉኝ። ጥቁር ነው። መርከቡን የሞላው ጥቁር ሻንጣ ነው። ያዳነን አረንጓዴ ጨርቅ ነው። አገር ቤት ስንመላለስ እንደለመድነው እማዬ እጀታው ላይ አስራው ነበር። ሻንጣው ያልታወቀ ዕቃ ከሚቀመጥበት ቦታ ተገኘ። ታጉ ከመሃሉ ተቀዶ የክፍሉ ቁጥር ያለበት በኩል የለም። ተራ የፕሪንተር ወረቀት ምን ያህል ይጎተታል? (መቼም የምትሄዱ ከሆነ መድኃኒትና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጃችሁ ያዙ። ስትመለሱም ታጉን ቀድዳችሁ ጣሉት፤ ስማችሁ አለበት።)

ኩባንያዎቹ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። አንዱ ወረቀት እንቆጥባለን የሚለው ነው። ይሄን አልቀበልም። ወረቀቱ እንዳለ ነው፤ በየቤቱ ተበተነ እንጂ። የቤት ፕሪንተር ቀለም ደግሞ ከማተሚያ ቤት ቀለም በጣም ይወደዳል። ሌላው ግን እውነት አለው። ርካሽ ቲኬት የገዛ ሰው የክፍሉን ቁጥር የሚያውቀው ጉዞው ሲቃረብ ነው። አስቀድሞ በፖስታ መላክ አይመችም። ከሌላ አገር የሚመጣ መንገደኛም ፖስታው ላይደርሰው ይችላል። እሺ፣ ይሄ ልክ ነው። ግን ፖስታ ካልተመቸ ወደቡ ላይ ማሽን ማቆም አለ። ኤርፖርቶች ውስጥ መንገደኛው ራሱ ማሽን ነክቶ ታግ ያወጣል፣ ራሱም ይለጥፋል። እዚያም ሥራውን እኛ ነን የምንሠራው። ወረቀቱ፣ ቀለሙና ማሽኑ ግን የእነሱ ነው። ጠንካራ ነው፣ አይቀደድም። በዚህ ማንም አያማርርም፤ እኔም አላማርርም።

ራስን ማስተናገድ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ1916 ሜምፊስ ውስጥ ፒግሊ ዊግሊ የተባለ መደብር ሲከፈት፣ ገዢው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሳ ቅርጫት ውስጥ እንዲከት አደረገ። ከዚያ በፊት ዝርዝር ይሰጣል፣ ሠራተኛ ያመጣለታል። ገዢው ሥራ ተጨመረበት። ግን ዋጋው ቀነሰለት፤ የፈለገውንም ዕቃ ራሱ አገላብጦ አየ። ልውውጥ ነበር። በታጉ ግን እኔ ምን አገኘሁ? ቲኬቱ በአንድ ዶላር አልቀነሰም። ብዙዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 ዶላር በላይ የአገልግሎት ጉርሻ ያስከፍላሉ። ያም አልቀነሰም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ኩባንያው ሸክሙን ለሁላችን ሲያካፍለን ለእያንዳንዳችን አንዲት ሎሚ ነው የደረሰችን ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ለብዙዎች አንዲት ገጽ ናት። ቢሮ ሄደው ያትሟታል፣ አለቀ። ለእናቴ ግን ሎሚ አይደለችም። ፋይሉ እንግሊዝኛ ነው። ኢሜይሉን ከፍቶ፣ አውርዶ፣ ላይብረሪ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ፣ የፓስፖርት ስሟን ለማታውቀው ኮምፒውተር ሰጥቶ ማውጣት ነው። እኔ ባልኖር በዚያች ወረቀት የተነሳ ጉዞው በቀረባት ነበር። ልትደፍረው አትችልም ነበር።

እኔን ብቻ አይደለም የገጠመኝ። ጠዋት ወደቡ ላይ ከፊታችን ሁለት አሜሪካውያን አዛውንት ነበሩ፤ ባልና ሚስት። ታግ የላቸውም። ባልየው ስልኩን ይነካካል፣ የክፍሉን ቁጥር ያለበትን ገጽ አጥቶታል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሚስትየው ከኋላ ያለውን ሰልፍ እያየች ይቅርታ ትጠይቃለች። ሻንጣ ተሸካሚው አልተቆጣም። ከኪሱ ባዶ ታጎችና ማርከር አወጣ። ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሩን ፈልጎ በእጁ ጻፈላቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ይህን ማየቴ አስደሰተኝ፤ ደግሞም አናደደኝ። ስለዚህ ባዶ ታግ ወደቡ ላይ አለ! ታግ አጥቶ የሚቀር ሰው የለም ማለት ነው። ታዲያ ለእኔ በመጣው ኢሜይል ላይ ስለዚህ አንድ ቃል የለም። የሚያውቁት ከዚህ በፊት የሄዱ ሰዎች ናቸው። አዲሱና አዛውንቱ ናቸው ሌሊት ፕሪንተር ፍለጋ የሚዞሩት። ኩባንያው ያልሠራውን ሥራ ደግሞ በመጨረሻ የሚሠራው፣ ሰልፉን እያስተናገደ በማርከር የሚጽፈው የወደብ ሠራተኛ ነው። በችኮላ የተጻፈ 1 ቁጥር 7 ሊመስል ይችላል። ያኔ ሻንጣው ሌላ ሰው በር ላይ ያድራል።

ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖራል። ትንሽ ነገር የት እንደሚያደርስ ግን ከአየር መንገዶች አይተናል። አውሮፓ ውስጥ ራያንኤር መጀመሪያ ቤታችሁ ቼክ ኢን አድርጉ፣ ቦርዲንግ ፓሱንም አትሙ አለ። ከዚያ ይህን ሳያደርግ ኤርፖርት ለሚመጣ ሰው የቼክ ኢን ክፍያው 55 ዩሮ ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ወረቀቱን ትቶ ሁሉንም ወደ ስልክ አዞረው። የመርከብ ኩባንያዎች ዛሬ ታግ ላላተመ ሰው ቅጣት አይጠይቁም። አሁን ካልተናገርን ነገ ላለመጠየቃቸው ማን ዋስ ይሆናል? የክሩዝ ኩባንያዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 31.7 ሚሊዮን ሰው በክሩዝ ተጉዟል። ይህን ያህል ሰው የሚያስተናግድ ንግድ አንድ ጠንካራ ወረቀት ማተም አያቅተውም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቤቱ ማተም የሚፈልግ ያትም። የማይችል ወደቡ ላይ በነጻ ታትሞ ይሰጠው፤ ደረሰኝ ያለው፣ የማይቀደድ። ይህም መኖሩ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ በትልቁ ይጻፍ። ወደቡ ላይ አንድ ፕሪንተርና አንድ ሠራተኛ ቢቆም ነው።

መርከቡ ውስጥ ደግሞ ይህን ማድረግ ያውቁበታል። በመጨረሻው ቀን ከክፍላችን ስንገባ አልጋው ላይ አራት ታጎች ተቀምጠው አገኘን። ከለር አላቸው፣ ቁጥር አላቸው፣ ወረቀታቸው ወፍራም ነው፣ ማሰሪያም አብሯቸው አለ። ማታ ሻንጣውን አስራችሁ ኮሪደር ላይ አውጡት፣ ጠዋት ተርሚናሉ ውስጥ በቁጥሩ ታገኙታላችሁ ይላል። ማንም አትሙ አላለንም። ጠዋት ወርደን ሁለቱንም ሻንጣ በአምስት ደቂቃ አነሳን። ከመርከቡ በቶሎ እንድንወርድላቸው ሲፈልጉ ታጉን ራሳቸው ያትማሉ። ስንመጣስ?

እማዬ ከተመለስን ወዲህ ለማኅበሯ ሴቶች ስለ ባሕሩ ስታወራላቸው ከርማለች። ፎቶውን በቫይበር ልካላቸዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ስምንት ሆነው መሄድ ይፈልጋሉ። ከስምንቱ ቤቷ ፕሪንተር ያላት አንዲትም የለችም። ኩባንያው ከጉዞው በኋላ የአስተያየት ቅጽ ልኮልኝ ነበር። ስለ ምግቡ ይጠይቃል፣ ስለ ክፍሉ ይጠይቃል፣ ስለ ሙዚቃው ይጠይቃል። ስለ ታግ የሚጠይቅ ቦታ አጣሁ። መጨረሻ ላይ ባለችው ባዶ ሳጥን ውስጥ የእናቴን ጥያቄ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ እንዳለ ጻፍኩላቸው።