ሰው እየጠበቅሽ ነው?

ትናንት ፒያሳ አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። አስተናጋጁ አንድ ማኪያቶና ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዞ መጣ።

"ሁለተኛው የማን ነው?"

"የሚመጣው ሰው።"

"ማንም አይመጣም።"

"ችግር የለም፣ ይቀመጥ" ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ ቀላል ነገር ያናድዳል? እኔን ያናድደኛል። አምስት ወር ብቻዬን ዞሬ ነው የመጣሁት። ከአዘዞ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በሞያሌ ኬንያ፣ ከኬንያ ኡጋንዳ፣ ከኡጋንዳ ሩዋንዳ። የመጀመሪያው ወር ምግብ ቤት ለብቻዬ መግባት እያፈርኩ ስንት ቀን ብስኩት በልቼ አድሬያለሁ። ምን ላድርግ፣ ያደግኩት ጎንደር ነው። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። በሦስተኛው ወር ግን ጥጌን ይዤ፣ ስልኬን እንኳ ሳልነካ፣ ምሳዬን አጣጥሜ መውጣት ቻልኩ። ሳቁ፤ ለእኔ ግን ዲግሪ እንደመጫን ነው።

ይህን ለውጤን ላሳይ እየተቻኮልኩ ቤት ገባሁ። የተቀበለኝ የመጀመሪያው ቃል "ከሳሽ!" የሚል ነው። ሁለተኛው "እውነት ብቻሽን ነበርሽ?" ሦስተኛው "በርበሬውስ?"

በርበሬውን ሳላነሳ አላልፍም። ልሄድ ስል ጎረቤታችን እትዬ "ናይሮቢ ላለችው ለእህቴ ልጅ" ብለው አራት ኪሎ በርበሬ ከሽሮና ከድርቆሽ ጋር አመጡ። "ትንሽ ናት፣ በሞቴ!" ናይሮቢ ደርሼ ደወልኩ። ልጅቷ "ነገ መጥቼ እወስዳለሁ" አለች። በማግሥቱም "ነገ" አለች። በሳምንቱ ስልኳን ዘጋችው። እኔም ይዤው ዞርኩ። ከናይሮቢ ሞምባሳ ያለውን ወደ 470 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በአምስት ስድስት ሰዓት በሚጨርሰው አዲሱ ባቡር ለመሄድ ሻንጣ በውሻ ይፈተሻል። ውሻው ሻንጣዬን አሸተተና አስነጠሰው። ፖሊሱ ውሻውን አየ፣ እኔን አየ። አማርኛ የሚችል ቢሆን ኖሮ ስለ እትዬ እነግረው ነበር።

አያቴ የምትወዳት አባባል አለች፦ "ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።" ሰው ሁሉ ለስደት ኀዘን ይጠቅሳታል። እኔ ግን የሻንጣ ጉዳይ ትመስለኛለች። ደግሞ እኔን የጫነኝ የሰው አገር ሰው አይደለም። ተጭኜ የወጣሁት ገና ከደጃፌ ነው።

ከተነሳ አይቀር፣ ወንድሜም አለ። ከዓመታት በፊት መተማን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። አሥር ቀን! እስከ ዛሬ ሽማግሌ ሲሰበሰብ "እሱ እንኳ አገር ያየ ነው" እየተባለ ይጠየቃል። እኔ ሦስት አገር ዞሬ መጣሁ፤ የሰፈሩ ጥያቄ "ማን አስኮብልሏት ነው?" ሆነ። ማንም! ሰው ካላስኮበለላት የማትንቀሳቀስ ዕቃ ነኝ እንዴ?

ለዚህ ነው ጄምስ ብሩስ የሚያሳዝነኝ። ስኮትላንዳዊው በፈረንጆቹ 1770 ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ደርሶ "ምንጩን አገኘሁት" አለ። (ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ነበር። ምንጩ ያለበት የሰከላ ሰው ደግሞ መጥፋቱንም አያውቅ።) አገሩ ገብቶ ጥሬ ሥጋ ሲበላ አየሁ ብሎ ቢያወራ ለንደን ሳቀበት። አኩርፎ ርስቱ ላይ ከተተ። መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማኩረፍ እኔም አያቅተኝም። ግዙፍ ሰው ስለነበር ግን "ከሳህ" ያለው አይመስለኝም።

እኔ መንገዱን ገልብጬ ሄድኩበት። ከጎንደር ተነስቼ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበትን ለማየት ኡጋንዳ፣ ጂንጃ ደረስኩ። ጀልባ ላይ ተቀምጬ ውሃውን ሳይ ዕንባዬ መጣ። ራሴን ያገኘሁት እዚያ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርቷን እየከተፈች ሰማችኝ።

"ግሽ ዓባይስ ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

አልሄድኩም።

"መንገዱ ደህና ሳለ ለጸበል አብረን እንሂድ ስልሽ ያንቀላፋሽ ልጅ!"

እናቴን መልስ ማሳጣት የሚቻልበት አገር እስካሁን አልደረስኩም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ውሃው። ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል። ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሳሁና ራሴ ጠጣሁት። አስተናጋጁ ሒሳብ ሊቀበል መጣ፣ ባዶውን ብርጭቆ አየ፣ ወንበሩን አየ።

"ቀረ እንዴ?" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ።

"ባጃጅ አጥቶ ይሆናል" አልኩት።