ቢሮ በቃኝ

ድሮ ሰው ዓለም በቃኝ ብሎ ገዳም ይገባ ነበር። ዘንድሮ ቢሮ በቃኝ ብሎ ዓለም ውስጥ ይገባል። ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው። ደበሎውም ዘምኗል። ዝናብ የማያስገባ፣ ወገብ ላይ የሚቆለፍ፣ 60 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ ሆኗል። ዋጋውን አንድ ባሕታዊ ቢሰማ ሱባኤውን ያቋርጣል።

ቦርሳ አንግበው ዓለምን የሚዞሩትን ፈረንጆች ከልቤ ነው የማደንቃቸው። በዓመት 5 ሳምንት ከነደሞዙ የሚያሳርፍ ሥራን «ነፍሴን በላው» ብሎ ጥሎ መውጣት የዋዛ ጀግንነት አይደለም። እኛማ ነፍስ እንዳለን ትዝ የሚለን ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ነው።

ፒያሳ ሳትፈርስ፣ እዚያ አንድ ካፌ ውስጥ ከእነዚህ ጀግኖች አንዱን አግኝቼ ነበር። ፈረንሳዊ ነው። ጢሙን አሳድጓል። እግሩ ላይ ሰንደል ጫማ፣ አንገቱ ላይ ከላሊበላ የገዛው ነጠላ። «ሁሉን ነገር ትቼ ወጣሁ» አለኝ። ልቤ ተነካ። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ የመነነው ቅዱስ ገብረ ክርስቶስ ነው ትዝ ያለኝ።

ታዲያ አበሻ ነኝና መጠየቅ አይሰለቸኝም። ቤትህስ? አከራይቶታል። መኪናህስ? ወንድሙ ጋ ነው። ድመት አለችው፣ እናቱ ትጠብቃታለች። ሥራህስ? እዚህ ላይ ትንሽ ተሽኮረመመ። ለካ በአገሩ ሕግ ሠራተኛ ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ደሞዝ ፈቃድ ወስዶ፣ ሲያበቃ ወደ ሥራው መመለስ ይችላል። አባቶቻችን «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ሲሉ፣ ዞሮ እስኪመለስ ቤቱን ማከራየት እንደሚቻል አልታያቸውም።

«ራሴን ፍለጋ ነው የምዞረው» አለኝ ቀጥሎ። ራሱን ፍለጋ ቱርክን፣ ግብፅን፣ ሱዳንን አቋርጧል። እስካሁን አላገኘውም። ስልኩ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ላይ ግን በየቦታው አለ።

የዚህ ምናኔ አባትና እናት ቶኒ እና ሞሪን ዊለር ናቸው። ባልና ሚስቱ ከለንደን ተነስተው፣ በአፍጋኒስታን አድርገው፣ እስያን አቋርጠው እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ሲድኒ ሲደርሱ ኪሳቸው ውስጥ የቀረው 27 ሳንቲም ነበር። በርካሽ እንዴት እንደሚዞር ለሌላው እየጻፉ ሎንሊ ፕላኔት የተባለውን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2011 ለቢቢሲ የንግድ ክንፍ ሸጡት። በድምሩ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። ዋልድባ ያሉ አባቶች ቋርፍ እየበሉ ይሄን መንገድ አለማወቃቸው ያሳዝናል።

ሁሉም ግን እንደነሱ አይቀናውም። ገንዘቡ መንገድ ላይ የሚያልቅበት አለ። ባንኮክ ወይ ኩዋላ ላምፑር ጎዳና ላይ ቦርሳውን አስደግፎ ይቀመጥና ካርቶን ላይ «ዓለምን እየዞርኩ ነው፣ ጉዞዬን ደግፉ» ብሎ ይጽፋል። ፓስፖርት አውጥቶ የማያውቅ፣ ከሥራ ወደ ቤቱ የሚጣደፍ ያገሬው ሰው ሳንቲም ጣል ያደርግለታል። ውሃ ሽቅብ ሲፈስ ማየት ከፈለጋችሁ እዚያ ሂዱ።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ስንት ዘመን ዞሮበታል! አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ድጓ ፍለጋ ቤተልሔም፣ ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ዙር አባ ይሄዳል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል መጀመሪያ የሚቀበለው የግቢው ውሻ ነው። ቁራሹ የሚመጣው፣ ከመጣ፣ ከዚያ በኋላ ነው። ግን የእኛ ተማሪ ትልቅ ስህተት ሠርቷል። ራሱን መፈለግ ሲገባው ትምህርት ፈለገ። ውሻው ሲነክሰው ደግሞ ፎቶ አልተነሳም። በዚህ ሁኔታ ማን ይደግፈዋል?

የዘንድሮ ልጆቻችን ነቅተዋል። የባንክ ሥራውን ትቶ ዓለምን ሊዞር የሚመኝ ጎረምሳ በየሰፈሩ አለ። በርታ ነው የምለው። መጀመሪያ ግን ፎርም ይሞላል። አውሮፓ ለሚያስገባው የሼንገን ቪዛ 90 ዩሮ ይከፍላል፣ ቢከለከልም አይመለስለትም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይገዛል። ሥራ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያጽፋል። የባንክ መግለጫ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ቤት ካለው ካርታውን ያያይዛል። ልብ በሉ። ሁሉን ትቼ ልሂድ የሚል አበሻ፣ ምንም እንደማይተው በማኅተም ማስረዳት አለበት። ሥራውን በእውነት የለቀቀ ዕለት አለቀለት። ጀግንነቱ ራሱ መከልከያ ምክንያት ነው።

እኔም አንዴ ሞክሬያለሁ። ለ10 ቀን ነበር። መልሱ «ቪዛው ከማብቃቱ በፊት ለመውጣት ያለዎት ፍላጎት አጠራጣሪ ነው» የሚል ሆኖ መጣ። አልፈርድባቸውም። ከቤት በመውጣቴ ላይ እናቴም ያው ጥርጣሬ አላት።

ወደ ፒያሳው ልመለስ። ፈረንሳዊው ጨዋታው ሞቆለት ቡና የምታቀርበውን ልጅ ጠራት። ጠዋት 12 ሰዓት ገብታ ማታ የምትወጣ ልጅ ናት። ዓይኗን እያየ ረጅም ነገር ነገራት። ወደ እኔ ዞረች።

«ምን እያለኝ ነው ጋሼ?»

«ሕይወት አጭር ናት፣ ሁሉን ነገር ተዪው ነው የሚልሽ።»

ትሪዋን እንደያዘች አሰበች። ከልቧ ነው ያሰበችው።

«ምኑን?» አለች።

መተርጎም አቃተኝ። «ታስብበታለች» አልኩት። ደስ አለው። ሒሳብ ጠየቀ፣ ማኪያቶው 17 ብር ነበር። አገሬው ስንት እንደሚከፍል እኔን በሹክሹክታ አጣራ። ያው መሆኑን ሲያረጋግጥ 20 ብር ሰጣት።

እኔ ተነስቼ በሩ ጋ ቆምኩ። እሱ ግን አልተነሳም። 3 ብር መልሱን እስክታመጣለት እየጠበቀ ነበር።